ፕሮፌሽናሉ ሰውዬ

አንዳንድ ቃል አገራችን ሲገባ ትርጉሙን ጉምሩክ ላይ ቀምተውት ነው መሰለኝ የሚያሳልፉት። “ፕሮፌሽናል” የሚለውን ተመልከቱ። ፎቶ ቤት ስንሄድ “ፕሮፌሽናል ፎቶ እናነሳለን” የሚል ተለጥፎ እናገኛለን፤ ከጀርባው የፏፏቴ ስዕል ያለበት ፎቶ ማለት ነው። ኪሱ የተበረበረ ሰው እንኳ “ሌባው ፕሮፌሽናል ነው፤ ምንም አልተሰማኝም” ይላል። በብስጭቱ ውስጥ ትንሽ አድናቆት አለችበት። እስከዚህ ድረስ ቃሉ ከእናቱ ቤት ብዙም አልራቀም። ሥራውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ማለት ነው።

ኳስ ሜዳ ሲደርስ ግን ቃሉ ቪዛ ይሆናል። “እገሌ ፕሮፌሽናል ሆነ” ከተባለ እገሌ አገር ለቀቀ ማለት ነው። የት ሄደ? ስንተኛ ዲቪዚዮን? ይሰለፋል ወይስ ተጠባባቂ ወንበር ያሞቃል? ይህን የሚጠይቅ የለም። ቦሌን ከተሻገረ ፕሮፌሽናል ነው፤ አለቀ። እዚሁ አገሩ ላይ 15 ዓመት ቆሞ የተጫወተ፣ በኳስ እናቱን የጦረ፣ ታናናሾቹን ያስተማረ ሰው ግን “የአገር ውስጥ ተጫዋች” ይባላል። “የአገር ውስጥ” የምትለዋ ቃል እንደ “የአገር ውስጥ ሳሙና” ነው የምትባለው፤ ምን ማድረግ ይቻላል፣ የውጪው ከጠፋ እሱም ይሁን፣ በሚል ቅላጼ።

ከዚህ ትርጉም ጋር ጠብ አለኝ። ጠቡን ደግሞ በመዝገበ ቃላት ሳይሆን በአንድ ሰው ልጨርሰው። (ዓመተ ምህረቱን እያቀያየርኩ እንዳላደናግራችሁ፣ “ዓ.ም.” ካላልኩ በስተቀር የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው።)

ሰውዬው ግራሃም አሌክሳንደር ይባላል። “ማን?” አላችሁ አይደል? የአርሰናልን ያልተሸነፈ የ2004 ቡድን ከበረኛው እስከ ግራ ክንፉ እንደ ዳዊት የሚደግም፣ የማንቸስተር ዩናይትድን የዝውውር ሒሳብ ከራሱ የእቁብ ሒሳብ አብልጦ የሚያውቅ ቲፎዞም ይህን ስም ሲሰማ ግንባሩን ነው የሚቋጥረው። አይፈረድበትም። አሌክሳንደር የተጫወተው እኛ በማናይበት ፎቅ ላይ ነው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ባለ አራት ፎቅ ቤት ነው። ላይ 20 ክለብ አለ፤ ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ነው። ከሥሩ 24፣ ከሥሩ 24፣ ከሥሩም ሌላ 24 አለ። በድምሩ 92። እኛ በየሳምንቱ ጣሪያውን እያየን ቤቱን አየን እንላለን።

አሌክሳንደር በ1971 ኮቨንትሪ ተወለደ። ሥራ የጀመረው ምድር ቤት ነው፤ ስከንቶርፕ የምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ፣ አራተኛው እርከን፣ ከ1990 እስከ 91 ባለው የውድድር ዓመት። በ1995 ወደ ሉተን ሄደ። በ1999 ደግሞ ወደ ፕሬስተን። ሉተን በሄደ በዓመቱ ክለቡ ከሁለተኛው እርከን ወደ ሦስተኛው ወረደ። ፕሬስተን ሲደርስም ክለቡ ሦስተኛው እርከን ላይ ነበር፤ አሰልጣኙ ዴቪድ ሞይስ የሚባል ያኔ ስሙ ያልገነነ ወጣት ነው። በ2000 ፕሬስተን የሦስተኛውን እርከን ዋንጫ በልቶ ወደ ሁለተኛው ወጣ። በዓመቱ፣ በ2001፣ ወደ ላይኛው ፎቅ ለመግባት አንድ ጨዋታ ቀረው፤ በቦልተን 3 ለ 0 ተሸነፈ። በ2005 እንደገና አንድ ጨዋታ ቀረው፤ በዌስትሃም 1 ለ 0 ተሸነፈ። በ2006 እንደገና ሞከረ፤ አሁንም በማለፊያው ጨዋታ ወደቀ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ ሰው 34 ዓመት ሞልቶታል። የመስመር ተከላካይ ነው፤ ሥራው ሩጫ ነው። ከእሱ ኋላ የተወለዱ ልጆች በሚሊዮን ፓውንድ ይሸጣሉ። እሱ ሦስት ጊዜ የበሩን እጀታ ነክቶ ሦስት ጊዜ በሩ ተዘግቶበታል። እኛ አገር ቢሆን ሰው ምን ይለው ነበር? “አቦ ተወው፣ እድሉ አይደለም” ይለው ነበር። አክስቱ ደግሞ “ያየበት ሰው አለ” ብላ ጠበል ትወስደው ነበር። እሱ ግን ሰኞ ጠዋት ልምምድ ሄደ። ማክሰኞም ሄደ። በ2007 ፕሬስተን ለቆ ወደ ጎረቤትና ባላንጣ ክለብ ወደ በርንሌይ ተዛወረ። እዚያም አሰልጣኙ ኦወን ኮይል “ከተከላካዮቹ ፊት ቁም” አለው፤ ቆመ። በ36 ዓመቱ ከመስመር ተከላካይነት ወደ ተከላካይ አማካይነት ሙያ ቀየረ ማለት ነው። በግንቦት 2009 ዌምብሌይ ላይ በርንሌይ ሼፊልድ ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸንፎ ከ33 ዓመት በኋላ ወደ ላይኛው ፎቅ ተመለሰ።

በነሐሴ 2009 አሌክሳንደር ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሪሚየር ሊግ ተሰለፈ። ዕድሜው 37 ነበር። 18 ዓመት ደረጃ ሲወጣ ከርሞ በሩን ከፍቶ ገባ። ያን ቀን በስቶክ 2 ለ 0 ተሸነፉ፤ ታሪክ ሁልጊዜ ሙዚቃ አያጅባትም። ከአራት ቀን በኋላ ግን ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ሩኒንና ኦወንን ይዞ፣ ወደዚያች ትንሽ የሸማኔ ከተማ መጣና 1 ለ 0 ተሸንፎ ሄደ። ያንን ውጤት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ለእኛ ግን ዜናው “ዩናይትድ ተሸነፈ” ነበር። ያሸነፈው ክለብ ግስ እንጂ ባለቤት አልነበረውም። ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ የዩናይትድን ኳስ ሲቆርጥ ያመሸው የ37 ዓመት ሰውዬ 18 ዓመት ምን ሲሰራ እንደነበረ የጠየቀ የስፖርት ጋዜጠኛ አልሰማሁም።

ነገሩ የተከላካይ ዕጣም ነው። የአጥቂ ሥራ ይቆጠራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጎል። የተከላካይ ሥራ ግን ያልሆነ ነገር ነው። ያልተመታ ኳስ፣ ያልተሻገረ ክሮስ፣ ያልገባ ጎል። ያልሆነን ነገር እንዴት ይቆጥሩታል? የሰፈራችንን ዘበኛ አስቡት። ሌሊቱን ሙሉ ብርድ እየጠጣ አድሮ ምንም ካልተሰረቀ “ይሄ ሰውዬ ምን ይሰራል? ደሞዝ ይበላል እንጂ!” ይባላል። አንድ ቀን ሌባ የገባ እንደሆነ ግን ስሙን ሰፈሩ ሁሉ እስከ አያቱ ያውቀዋል። ተከላካይም እንዲሁ ነው። ስሙ የሚጠራው ሲሳሳት ነው። በደንብ የሰራ ተከላካይ ማለት ስሙን ያላስጠራ ተከላካይ ነው።

እኛም ቤት ያው ነው። በጥር 2013 ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 የወጣበትን ጨዋታ ማን ይረሳል? ሳላዲን የሳታትን ፍጹም ቅጣት ምት እናስታውሳለን። የአዳነ ግርማን ጎል እናስታውሳለን፤ ያን ቀን ስንቱ እቃ እንደተሰበረ ሁሉ እናስታውሳለን። በረኛችን በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ በ10 ሰው፣ የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን አንድ አጋማሽ ሙሉ ጎል የከለከሉትን ተከላካዮች ስም ግን እስቲ ጥሩ። ሳትጠይቁ፣ ስልካችሁን ሳትነኩ። አራቱን በሙሉ የጠራ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ። ብዙ የምከስር አይመስለኝም።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። አባቱ ስኮትላንዳዊ በመሆናቸው በ2002፣ በ30 ዓመቱ፣ ለስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን ተጠራ። የመጀመሪያ ጨዋታው ከናይጄሪያ ጋር ነበር። 40 ጊዜ ለስኮትላንድ ተሰልፎ አንድም ጎል አላገባም። ግን በጥቅምት 2006 የዓለም ዋንጫ ለፍጻሜ ደርሶ የመጣውን ፈረንሳይን ስኮትላንድ ግላስጎው ላይ 1 ለ 0 ስትረታ ከኋላ ነበር። በዓመቱ ፓሪስ ላይም ፈረንሳይን 1 ለ 0 ስትደግማት ከኋላ ነበር። ሁለት ጨዋታ፣ ዜሮ ጎል። የአርሰናል ደጋፊዎች ልብ በሉ፤ ግላስጎው ላይ ቲየሪ ሄንሪ ነበር። ሄንሪን ባዶ እጁን ከሸኘው የኋላ መስመር አንዱ የሁለተኛው እርከን የፕሬስተን ተከላካይ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄንሪ ወደ ለንደን፣ እሱ ወደ ፕሬስተን፤ እያንዳንዱ ወደየሥራው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በሚያዝያ 2011 አሌክሳንደር በርንሌይን እንደለበሰ 1,000ኛ ጨዋታውን ተጫወተ። በእንግሊዝ ከበረኞች ውጪ ከእሱ በፊት ይህን ያደረገው ቶኒ ፎርድ ነው፤ እሱንም ብዙዎቻችን አናውቀውም፤ እሱም የታችኛው ፎቅ ሰው ነበርና። 1,000 ጨዋታ ስንል ዝም ብሎ ቁጥር ይመስላል። አስሉት። አንድ ጨዋታ 90 ደቂቃ ቢሆን 90,000 ደቂቃ ነው። 1,500 ሰዓት። ሳይበሉ፣ ሳይጠጡ፣ ሳይተኙ ሁለት ወር ሙሉ ሌት ተቀን ሜዳ ላይ መቆም ማለት ነው። ያ ደግሞ ልምምዱ ሳይቆጠር፣ በአውቶቡስ የተጓዘው ሳይቆጠር፣ በዝናብና በጭቃ ሸርተቴ የወረደበት ጉልበት ሳይቆጠር ነው። ተከላካይ ሆኖ ሳለም በሥራ ዘመኑ ከ100 በላይ ጎል አግብቷል። አብዛኛው ፍጹም ቅጣት ምት ነው፤ የድሮ ሰዎች ሪጎሬ የሚሉት። ሌላው ሰው እግሩ ሲንቀጠቀጥ “አንተ ምታልን” የሚባል ሰው ነበር። ፍጹም ቅጣት ምት የሚሰጠው ለጎበዝ ብቻ አይደለም፤ ለታመነ ነው።

በ2012፣ በ40 ዓመቱ፣ ጫማውን ሰቀለ። የሰቀለው የጀመረበት ስከንቶርፕ ውስጥ ነው። በመጨረሻ ጨዋታው ላይም በባከነ ሰዓት ከቅጣት ምት ጎል አስቆጠረ። ይህን ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢጽፈው “አበዛው” እንለው ነበር።

“እሺ፣ አንድ ጠንካራ ሰውዬ ነገርከን፤ ታዲያ ምን ይሁን?” የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሰውዬው ጥንካሬ የነገሩ ግማሽ ነው። ጠንካራ ሰው እኛም አለን፤ ሞልቶናል። ሌላው ግማሽ የቆመበት መሰላል ነው።

መሰላሉ በአንድ ቀን አልተሰራም። እንግሊዝ ውስጥ ለኳስ ደሞዝ መክፈል ነውርና ክልክል የነበረበት ዘመን ነበር። ጨዋታው የጌቶች ነው፤ ጌታ ደግሞ ለገንዘብ አይጫወትም። የሸማኔውና የብረት ቀጥቃጩ ልጅ ግን ቅዳሜ ፋብሪካ ከቀረ የቀኑ ደሞዝ ይቆረጥበታል። ክለቦች በጓሮ በር መክፈል ጀመሩ። በ1884 “አዎ እንከፍላለን፤ ምን ይሁን?” ብሎ በአደባባይ ያመነው ክለብ ማን መሰላችሁ? ፕሬስተን ነው፤ ያው የእኛ ሰውዬ ስምንት ዓመት ያገለገለበት። ጭቅጭቁ በዓመቱ አለቀና በ1885 ፕሮፌሽናልነት ሕጋዊ ሆነ። እንግዲህ ቃሉ ከዚህ ነው የተወለደው። ፕሮፌሽናል ማለት በዚያ ሜዳ ሲወለድ ውጪ አገር የሄደ ማለት አልነበረም፤ “ለላቤ ክፈሉኝ፣ ሥራዬ ነው” ያለ የፋብሪካ ልጅ ማለት ነበር።

በ1888 12 ክለቦች ተሰብስበው ሊግ አቋቋሙ። ፕሬስተንና በርንሌይ ሁለቱም ከመሥራቾቹ ናቸው። የመጀመሪያውን ዋንጫ ፕሬስተን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ በላው፤ አርሰናል ይህን የደገመው ከ115 ዓመት በኋላ ነው። በ1907 ተጫዋቾቹ ማንቸስተር ላይ ማህበር አቋቋሙ። የሠራተኛ ማህበር፤ እንደ ባቡር ሠራተኛው፣ እንደ ማዕድን ቆፋሪው። እስከ 1961 ድረስ ለተጫዋች ከሳምንት 20 ፓውንድ በላይ መክፈል ክልክል ነበር። ይህን ጣሪያ ያፈረሰው የአንድ ኮከብ ብልጭታ አይደለም፤ ማህበሩ “እናቆማለን” ብሎ ሥራ ለማቆም ስለተዘጋጀ ነው። ያኔ ለቁርጡ ቀን እጁን ካወጣው ተጫዋች ብዙው ኮከብ አልነበረም፤ እንደ አሌክሳንደር ያለ የምድር ቤት ሰው ነበር።

ሌላም አለ። ሦስተኛ እርከን ላይ ያለ ክለብ ቅዳሜ ከሰዓት ሲጫወት ሰው ትኬት ቆርጦ ይገባል። አባቱ የገባበት ነው፣ አያቱም። ልጁ የሚደግፈው ዋንጫ ስለሚበላ አይደለም፤ የእሱ ስለሆነ ነው። ስለዚህ አራተኛ እርከን ላይ ያለ ተከላካይ ሥራው ሥራ ነው። ውል አለው፣ ደሞዝ አለው፣ የሚያመሰግነውና የሚሰድበው ሰው አለው። ዛሬ ምድር ቤት ቢሆን ነገ ወደ ላይ የሚወስድ ደረጃ አለ፤ ደረጃው ጠባብ ነው፣ ግን አለ።

ይህን ስል ታዲያ ፈረንጅ አገር ገነት ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። መሰላሉ ላይ የሚወድቀው ከሚወጣው ይበልጣል። የአሌክሳንደር ጓደኛ የነበረውን ክላርክ ካርላይልን ተመልከቱ። በዚያው የ2009 የዌምብሌይ ጨዋታ የቀኑ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ተከላካይ እሱ ነበር። የተጫዋቾቹ ማህበር ሊቀመንበርም ሆኖ አገልግሏል። በ2013 ስለ ተጫዋቾች የመንፈስ ጭንቀት በቴሌቪዥን ወጥቶ ተናገረ። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ፣ በ2014 መጨረሻ፣ ራሱ ሕይወቱን ለማጥፋት ሞክሮ በተአምር ተረፈ፤ ከዚያም “እኔን አይታችሁ ተናገሩ፣ ዝም አትበሉ” እያለ በአደባባይ ሲያስተምር ቆይቷል። ሁለት ሰዎች፣ አንድ የኋላ ክፍል፣ አንድ ዌምብሌይ። አንዱ ሲጨርስ በቅጣት ምት ጎል፣ ሌላው ሲጨርስ በጨለማ። የተከላካይ ሕይወት ሲያልቅ የሚሰማው ጸጥታ ምን ያህል እንደሚከብድ ውጪ ላይ የቆመ ሰው አያውቀውም።

ክለቦቹም ይሞታሉ። ቤሪ የሚባለው ክለብ በ2019 በዕዳ ምክንያት ከሊጉ ተባረረ። ስከንቶርፕ ራሱ፣ ከ1950 ጀምሮ ሊጉ ውስጥ የነበረው፣ በ2022 ከ92ቱ ውጪ ወደቀ፤ በዓመቱ ደግሞ ከዚያም በታች ሌላ እርከን ወረደ። አሌክሳንደር የጀመረበትም የጨረሰበትም ቤት ጣሪያው ፈሰሰ ማለት ነው። ነገር ግን ሰውየው የጠፋ ነገር የለም። መሰላል ስለሆነ ከሥርም ደረጃ አለ፤ በ2025 አንዱን ደረጃ መልሶ ወጣ። ቤቱ ሲወድቅ እንኳ የሚወድቅበት ወለል አለው።

ወደ እኛ እንምጣ። የእኛ ፕሪሚየር ሊግ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ትውልድ አሳድጓል። ከሥሩ ከፍተኛ ሊግ አለ፤ ከዚያ በታች አንደኛ ሊግ አለ። በወረቀት ላይ መሰላል አለን። ግን ከሥር ያሉትን ደረጃዎች ማን ያያል? አብዛኛው ክለብ የሚኖረው በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ነው፤ በጀቱ ሲታጠፍ ክለቡም እንደ ወንበር ይታጠፋል። ተጫዋቹ የሚፈርመው ለአንድ ዓመት፣ ቢበዛ ለሁለት ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ሻንጣ ያነሳል። ደሞዝ ለወራት ሳይከፈለው ልምምድ የሚሄድ ተጫዋች ታሪክ ብርቅ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ክለቦችና ፌዴሬሽኑ “ደሞዝ በዛ” ብለው 50,000 ብር ላይ ጣሪያ አበጁ። ከዚያ በኋላ በጓሮ በር ስለሚገባ ገንዘብ ሲወራ ሰነበተ። ፕሬስተን በ1884 የተናዘዘው ነገር ነው! ጣሪያ ሲበጅ ሁሉም ስለ ጣሪያው ተከራከረ፤ ስለ ወለሉ ግን፣ ትንሹ ተጫዋች ቢያንስ ምን ይከፈለው፣ ቢታመም ማን ያሳክመው፣ ሲጨርስ ምን ይሁን ስለሚለው፣ የተከራከረው ጥቂት ነው።

እኛ ደግሞ፣ ተመልካቾቹ፣ ከዚህ አናልፍም፤

“ትናንት ጨዋታ ነበር?”

“የት?”

“ስታዲየም ነዋ!”

“አይ፣ እኔ እንግሊዝን ነው የማየው።”

ባክህ! እንግሊዝን የሚያየውስ አይቶት በሆነ! የሚያየው 20 ክለብ ነው፤ ከዚያም ውስጥ አምስት። አንድ ወረቀት ላይ አስር ጨዋታ ደርድሮ ያስያዘው ልጅ የበርንሌይን ስም ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን እንደ ሎተሪ ቁጥር ነው። ይገርማል፤ የዓለም ትልቁ የትዕግሥት ትምህርት ቤት በየሳምንቱ ቤታችን ድረስ እየመጣ፣ እኛ ከእሱ የተማርነው ቁማር ሆነ።

ጉዳዩ የኳስ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ቀለም ባላባከንኩ። ልጆቻችንን የምናሳድገው በዚሁ ዓይን ነው። ወይ አንደኛ ትወጣለህ፣ ወይ ምንም ነህ። ወይ ትሄዳለህ፣ ወይ ቀረህ። “ቀረ” የምትለዋን ቃል ልብ ብላችኋል? አገሩ ላይ ሥራ ይዞ የሚኖር ሰው “ጓደኞቹ ሁሉ ወጡ፣ እሱ ብቻ ቀረ” ይባላል፤ አውቶቡስ ያመለጠው ይመስል። 25 ዓመት ያለማቋረጥ ጠመኔ የያዘ መምህር “ምን ያድርግ፣ እዚያው ቀረ” ይባላል። 20 ዓመት ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ የሰራው ግድግዳ 30 ዓመት ያልተሰነጠቀ ግንበኛ፣ እነዚህ ሁሉ ተከላካዮች ናቸው። ሥራቸው ያልሆነ ነገር ነው፤ ያልሞተ በሽተኛ፣ ያልፈረሰ ቤት፣ ያልደነቆረ ልጅ። ስማቸውን የምንጠራው የሆነ ቀን የሳቱ እንደሆነ ነው። ከዚያ ደግሞ ልጆቻችን ለምን ጠመኔ መያዝ አይፈልጉም፣ ለምን ባሕር ያቋርጣሉ እያልን ስብሰባ እንቀመጣለን። ደረጃውን ሁሉ ንቀን ጣሪያውን ብቻ ካሳየናቸው፣ ልጆቹ ለመዝለል ቢሞክሩ ምን ይገርማል?

አሌክሳንደር ጫማውን ከሰቀለ በኋላም ከታችኛው ፎቅ አልራቀም። አሰልጣኝ ሆነ። ፍሊትውድን በ2014 ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ እርከን አወጣ። ሳልፎርድን በ2019 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ 92ቱ አስገባ። ከሥራ ተባሮም ያውቃል፤ አሰልጣኝና ቀን ሠራተኛ ነገ ሥራ ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደሉም። በግንቦት 2025 ደግሞ ብራድፎርድን ይዞ በውድድሩ የመጨረሻ ቀን፣ በባከነው ሰዓት ስድስተኛ ደቂቃ ላይ በገባች ጎል ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ እርከን አደገ። ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው። ለምን? ሦስተኛ ለመሆን! እኛ አገር ሦስተኛ የወጣ ልጅ “ሁለቱን ምን አበሏቸው?” ተብሎ ይገረፋል።

ለማንኛውም ቃሉን መልሰን ብናጥበው ደስ ይለኛል። ፕሮፌሽናል ማለት ሰኞ ጠዋት የሚገኝ ሰው ነው። ሦስት ጊዜ በሩ ተዘግቶበት ለአራተኛ ጊዜ የሚያንኳኳ፣ ሌላው ሲንቀጠቀጥ “አንተ ምታልን” የሚባል፣ ከለንደን ይሁን ከአርባ ምንጭ፣ ከላይኛው ፎቅ ይሁን ከምድር ቤቱ፣ ሥራውን ሥራዬ ብሎ የያዘ። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ “እገሌ እኮ ፕሮፌሽናል ሆነ” የሚላችሁ ሰው ሲመጣ “የት ሄደ?” አትበሉ። “ስንት ዓመት ሰራ?” በሉት።